ዝንብ አጥማጁ

ዓሣ ያስጠላኛል። ከመጀመሪያው ልናገረውና ይውጣልኝ። ሽታው፣ ልጋጉ፣ ሞቶም የማይከደነው ዓይኑ፣ ሁለመናው ያስጠላኛል። ያደግሁት ዝዋይ፣ ሐይቁ ዳር ነው። እናቴ ጀልባዎቹ ጠዋት ካወጡት ላይ እየተቀበለች ትገፍፋለች፣ ትበልታለች፣ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። እኔ ከትምህርት በፊት ቅርፊት እፍቃለሁ፣ ከትምህርት በኋላ ሆድ ዕቃ አወጣለሁ። ሆድ ዕቃውን ስንጥል አባ ኮዳዎቹ ይሻሙበታል። አባ ኮዳ ማለት ራሰ በራ፣ አንገቱ ላይ ከረጢት ያንጠለጠለ፣ ቁመቱ የዚያን ጊዜዋን እኔን የሚያክል አሞራ ነው፤ ሰው አይፈራም፣ ከእጅ ላይ ይነጥቃል። እጄን በኦሞ አጥቤ፣ በሎሚ አሽቼ ክፍል ስገባ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ አፍንጫዋን በሹራቧ እጅጌ ትሸፍን ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንጨርስ ሌላው ሁሉ ዶክተር እሆናለሁ፣ ኢንጂነር እሆናለሁ ይላል። እኔ ሁለተኛ ዓሣ አልነካም ብዬ ማልኩ።

ዲቪ ደርሶኝ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ስመጣ፣ እዚህ ባሕር የለም፣ ትልቁም ሐይቅ ቢሆን ሩቅ ነው ሲሉኝ ደስ አለኝ። በየፓርኩ፣ በየአፓርትመንቱ ጓሮ፣ በየዌርሃውሱ ጀርባ አንድ አንድ ኩሬ እንዳለ የነገረኝ ግን የለም።

የምኖረው ሊንደን፣ አክስቴ ቤት፣ ቤዝመንት ውስጥ ነበር። ቤዝመንቱ መስኮት አለው፤ በመስኮቱ የሚታየው ግን የሣር ሥርና የሰው ጫማ ነው። ራስጌዬ የበርበሬ ጆንያ፣ ግርጌዬ የልብስ ማጠቢያ ማሽን። አክስቴ ባሻት ሰዓት ሳታንኳኳ ትወርዳለች፤ ቤቷ ነው፣ ምን ላድርጋት? ሥራዬ ግሮቭ ሲቲ፣ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው። ስካን፣ ፓክ፣ ስካን፣ ፓክ። መቆም አልወድም፣ መቀመጥም አልወድም፤ ሱፐርቫይዘሬ "አንቺ እግርሽ ውስጥ ጉንዳን አለ" ትለኛለች። ከሥራ ስመለስ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ መግባት ያንቀኝ ነበር። አፓርትመንት ልከራይ ስል አክስቴ ደረቷን ትመታለች።

"ብቻሽን? ለእናትሽ ምን ብዬ ልንገራት? አደራ የሰጠችኝን ልጅ ሜዳ ላይ ጣልኳት ልበላት? አግቢና ውጪ። ያን ጊዜ እልል ብዬ ነው የምሸኝሽ።"

ነገሩ እንዲህ ነበር እንግዲህ። ከቤዝመንቱ መውጫ በር አንድ ነው፣ በሩ ላይ ደግሞ ባል ቆሟል።

ባሉንም አገኘችልኝ። አክስቴ "ልጁ" ነው የምትለው፤ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ወላጆቹ በሱዳን በኩል በስደት የመጡ፣ አሁን ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ሱቅ ያላቸው፣ የራሳቸው ቤት ያላቸው ሰዎች ናቸው። እሱ እዚህ ሲመጣ ገና ሕፃን ነበር። እናቱና አክስቴ ማኅበርተኛ ናቸው። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ሥራው ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል። አክስቴ ይህን ሁሉ ደርድራ ስታበቃ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"አንድ ነገር ብቻ አለበት።"

"ምን?"

"ዝንብ ያጠምዳል።"

"ምን ያደርጋል?"

"ዝንብ። እናቱ ራሷ ናት የነገረችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዘንግ ይዞ ይወጣና ዝንብ ሲያጠምድ ይውላል።"

"አእምሮው ደህና ነው?"

"ኧረ ደህና ነው! ቤት ሊገዛ ነው እኮ!"

ማኅበሩ ውስጥ ወሬው ቀድሞ ገብቷል፤ ሴቶቹ ስሙን ትተው ዝንብ አጥማጁ ይሉታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ ቤት ተቀጣጥረን ስንገናኝ ሳልጠይቀው አላለፍኩም። ሳቀ፤ ሳቁ ደህና ነው፣ አይካድም። "ፍላይ ፊሺንግ ነው" አለኝ። ዝንብ አይያዝም፤ ዝንቡ ራሱ ማጥመጃው ነው። ከላባና ከጸጉር ዝንብ የሚመስል ነገር ይሠራና ውሃ ላይ ይጣላል፣ ዓሣው እውነት መስሎት ይጎርሳል። ዓሣ የሚለውን ቃል ስሰማ የያዝኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩት። ለሌላው ነገር ግን አልከፋኝም። ሰው ሲናገር ያዳምጣል፣ ስልኩን አያይም፣ በር ይከፍታል። ሦስቴ ተገናኘን። እውነቱን ለመናገር እሺ ልል ነበር። ስለ እሱ ብዬ ይሁን ስለ ቤዝመንቱ ብዬ ለይቼ አላውቅም።

ሽማግሌዎቹ ለጰራቅሊጦስ እሁድ ተቀጠሩ። ሰኞ የሐዋርያት ጾም ስለሚገባ አክስቴ ከዚያ አይለፍ አለች። "ቅዳሜ አንድ ጊዜ እዪው፤ ማታ እሺ ወይም እምቢ ትይኛለሽ" አለችኝ። እምቢ የሚለውን ለወጉ ያህል ነው የጨመረችው፤ የእሁዱ ዶሮ ፍሪጅ ገብቷል።

ሐሙስ ዕለት ኮል አደረገልኝ። አክስቴ ሽንኩርት እየላጠች ጆሮዋን ጥላለች።

"ቅዳሜ ጠዋት ፖንድ ልውሰድሽ፣ ኩሬ? ፓንፊሽ አሁን ሲዝኑ ነው።"

ስልኩን ስዘጋ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

"ምን ፊሽ ነው ያለሽ?"

"ፓንፊሽ።"

"ፓን! ፓን ማለት እኮ መጥበሻ ነው!" አክስቴ ሆቴል ኪችን ውስጥ ስለሠራች የኪችን እንግሊዝኛ አታጣም። "የመጥበሻ ዓሣ! አንቺ ሞኝ፣ ገባሽ? ባልትናሽን ሊያይ ነው!"

"ኧረ አክስቴ…"

"ዝም በይ። ወንድ ልጅ ሽማግሌ ሊልክ አንድ ቀን ሲቀረው ዓሣ እንያዝ ብሎ ሴት የሚጠራው ለምንድን ነው? ዓሣ ለማሳየት? አጥምዶ ይሰጥሽና እጅሽን ያያል። የዝዋይ ልጅ መሆንሽን እናቱ ነግራዋለች።"

ምን ልበላችሁ፣ አሳመነችኝ። እኔም ወንድ ዓሣ የሚይዘው ሊበላ፣ ወይም ሊሸጥ እንደሆነ እንጂ ሌላ ምክንያት እንዳለው አላውቅም። ቅዳሜ ጠዋት ሲመጣ አክስቴ የሞላችው ቦርሳ ደጃፉ ላይ ነበር፦ መጥበሻ፣ ትንሽ የካምፕ ምድጃ፣ ዘይት፣ ሎሚ፣ ጨው፣ ሚጥሚጣ፣ የተሳለ ቢላዋ። የማልኩትን መሐላ እንዳፈርስ ራሴን ሌሊቱን ሙሉ ሳለማምድ አድሬአለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እል ነበር። አንድ ጊዜ ዓሣ ነክቼ ከጉድጓድ ከወጣሁ ምን አለበት?

ኩሬው ከሀይዌዩ ዳር ያለ ፓርክ ውስጥ ነው፤ የትራኮቹ ድምፅ ዛፎቹን አልፎ ይመጣል። ሣሩ ላይ እግር ማሳረፊያ የለም። የፈረንጅ ዝይ ኩስ፣ አረንጓዴ፣ ወፍራም፣ ጣት ጣት የሚያክል፣ ከመኪናው እስከ ውሃው ድረስ። እሱ ምንም እንዳላየ ረግጦት ይሄዳል። የውሃው ዳር የረጋ ምራቅ የመሰለ አረንጓዴ አዝሏል፤ መሐሉ ላይ አንድ የቺፕስ ከረጢት ይንሳፈፋል። የኩሬ ሽታ ዝዋይም ኦሃዮም አንድ ነው።

ልጁ ሃያ ኪስ ያለው ሰደርያ ለበሰና አንድ ትንሽ ሣጥን ከፈተ። ውስጡ የጠንቋይ ክታብ ነው የሚመስለው። የዶሮ ላባ፣ የአጋዘን ጸጉር፣ ቀይ ክር፣ የጎማ እግር ያለው ቢጫ ነፍሳት። "ይሄን እኔ ነኝ የሠራሁት" ብሎ አንዱን በሁለት ጣቱ አነሳልኝ። ማታ ማታ ዶሮ ላባ ሲጠመጥም ያመሻል ማለት ነው። ካገባሁት ሶፋው ላይ ላባ ሊኖር ነው ብዬ አሰብኩ።

"እኔስ ምን ልያዝ?" አልኩት።

"አንቺ የማጥመጃ ላይሰንስ የለሽም። ዘንግ መንካት አትችዪም፤ ቁጭ ብለሽ እዪ።"

"ቁጭ ብዬ?"

"ሪላክስ በዪ። ፖይንቱ እሱ ነው።"

ለመጠጥ ማቀዝቀዣ ያመጣው ኩለር ክዳን ላይ ተቀመጥኩ። ወረወረ። ዘንጉ ቀጭን ነው፣ ክሩ ወፍራም ቢጫ ነው፤ ክሩን ወደ ኋላ ይልከዋል፣ ወደ ፊት ይመልሰዋል፣ ውሃ ሳያስነካ አየር ላይ ያስረዝመዋል። አንድ አፍታ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ክሩ ጭንቅላቱ ላይ ተጠምዝዞ ሲፈታ የሆነ የሚያምር ነገር አለው። ከዚያ ቢጫዋ ነፍሳት ውሃው ላይ ጠብ አለች፣ "ቡሉቅ" የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ዘንጉ ጎበጠ።

መዳፍ የሚያክል ዓሣ ነው። ጀርባው የወይራ ቅጠል ቀለም አለው፣ ደረቱ ብርቱካን ነው፣ ከጉንጩ በታች ሰማያዊ። ብሉጊል ይባላል፣ ከፓንፊሾቹ አንዱ ነው አለኝ። መጀመሪያ እጁን ውሃ ውስጥ ነከረ፣ ከዚያ እንደ ሕፃን ደግፎ ያዘው። "ሄይ፣ ቆንጆ" አለው። ለዓሣው ነው። እኔን እስከዚያ ቀን ቆንጆ ብሎኝ አያውቅም። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳው። እኔ ቢላዋዬን ይዤ ቆሜአለሁ።

"ስጠኝ።"

"ምን ልስጥሽ?"

"ዓሣውን።"

ጎንበስ ብሎ ውሃ ውስጥ ለቀቀው።

"አምልጦህ ነው?"

"ኖ፣ ሪሊዝ አደረግኩት።"

"ትንሽ ስለሆነ?"

"ኖ፣ ሁሉንም ሪሊዝ ነው የማደርገው። ዓሣ አልበላም እኮ።" ያን ጊዜ ቢላዋዋን አያት። ከቢላዋዋ ወደ ቦርሳው ዞረ፤ የመጥበሻው እጀታ ወጥቷል። "ዋት… ምንድን ነው ይሄ?"

"ፓንፊሽ ብለህ የለ? መጥበሻ ነው።"

ሳቀ። ጉልበቱን ይዞ፣ እንባው እስኪወርድ። ሎሚውን አወጣ፣ ሚጥሚጣውን አወጣ፣ ምድጃውን ሲያይ ሣሩ ላይ፣ ያ ሁሉ ኩስ ላይ ተቀመጠ። "ፎቶ ላንሳው? ፕሊስ! ጓደኞቼ አያምኑኝም።" አነሳም። እኔም ትንሽ ሳቅሁ፤ የሚያስቅ ነገር ነዋ። ውስጤ ግን አንድ ጥያቄ ተሰነቀረ።

"ካልበላኸው ለምን ትይዘዋለህ?"

"ፈን ነው፣ ደስ ይላል።"

"ለማን?"

"ለእኔ።" ትከሻውን ነቀነቀ። "አይጎዳም። ይመለሳል።"

እናቴ ዓሣ ስታርድ አንድ ቀን እንኳ ፈን ነው ብላ አታውቅም። ቀፏት፣ ወገቧ ተቆርጦ፣ እጇ በጨው ተበልቶ ነው የምትሠራው። ለእኛ ለልጆቿ ብላ። ዓሣው ግን ከዚያ ወዲያ ሥቃይ የለበትም፤ ሞተ፣ ተበላ፣ አለቀ። ይዞ፣ አስጨንቆ፣ አፉን በስቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ቆንጆ ብሎ መመለስ ምን ይሉታል? ስም አጣሁለት።

ወደ ሌላ ጥግ ሄድን። እዚያ ውሃው ጥልቀት የለውም፣ ታቹ ይታያል። ጭቃው ላይ ሰፌድ ሰፌድ የሚያካክሉ ክብ ክብ የተጠረጉ ቦታዎች አሉ፤ በየክቡ መሐል አንድ አንድ ዓሣ ቆሞ ክንፉን ያርገበግባል።

"ቤታቸው ነው" አለኝ በሹክሹክታ። ደስ ብሎታል። "ወንዱ ነው የሚጠርገው። ሴቷ እንቁላል ጥላ ትሄዳለች፣ እሱ ይቀራል። አይበላም፣ አይንቀሳቀስም፤ ምንም ነገር ቢጠጋ ይነክሳል። ለዚህ ነው አሁን ቀላል የሆነው።"

"ምኑ ነው ቀላል?"

"መያዙ። ስለራበው አይደለም የሚነክሰው፣ ስለተናደደ ነው።"

ወረወረ። ነፍሳቷ ክቡ ላይ አረፈች፣ ዓሣው ተወርውሮ ነከሳት። አወጣው፣ እጁን ነከረ፣ ደገፈው፣ ስልኩን ፈለገ። እኔ እሱን አይደለም ያየሁት፤ ውሃውን ነው። ባለቤቱ እንደወጣ ከዳር ከዳር ትንንሾች መጡ። ጣት የሚያካክሉ፣ አሥር፣ አሥራ አምስት። ክቡ ውስጥ ገብተው ጭራቸውን ወደ ላይ አድርገው ይለቅሙ ጀመር።

"እንቁላሉን እየበሉበት ነው!" አልኩ።

"እህ?"

"ልጆቹን! ቶሎ ልቀቀው፣ እየበሉበት ነው!"

"አንድ ሰከንድ፣ ፎቶው ደብዝዟል።" አዞረው፣ ፀሐይ እንዲያገኘው። "ኔቸር ነው፣ ሪላክስ።"

"ኔቸር ነው? አንተ ባታወጣው ይመጡ ነበር?"

ለቀቀው፤ ዓሣው ወደ ክቡ ሮጦ ተመለሰና አባረራቸው። ልጁ ወዲያው ወደሚቀጥለው ክብ ወረወረ። ከዚያ ወደሚቀጥለው። በየተራ አባወራውን ያወጣል፣ ቤቱ ይዘረፋል፣ አባወራውን ይመልሳል። እባክህ እዚያ አትጣል አልኩት፤ መሐሉ ላይ ጣል፣ ሌላ ቦታ ጣል አልኩት። "መሐሉ ላይ ባይት የለም፣ አይነክሱም" አለኝ። ፊቱ ላይ ምንም ክፋት የለም። እሱ ነው የበለጠ ያንገሸገሸኝ። ክፉ ሰው ቢሆን ይገባኝ ነበር።

ከክቦቹ አንዱ ላይ የነበረው ዓሣ ዋጣት። ከንፈሩ ላይ አልተሰካም፤ ነፍሳቷ ጉሮሮው ገባች። ልጁ ፒንሳ አውጥቶ ነካካ፣ ጠመዘዘ፣ ሳበ። ስንጥቡ ውስጥ ደም መጣ። ደሙ በጣቶቹ መሐል ሲወርድ ፊቱን አኮሳተረ፣ ክሩን ቆረጠና ዓሣውን ወረወረው። "ይድናል" አለ። ዓሣው ተገለበጠ። በጎኑ ተኝቶ አንድ ዓይኑ ወደ ሰማይ እያየ፣ ስንጥቡን እየከፈተ እየዘጋ መንሳፈፍ ጀመረ። ልጁ አየው፤ ማየቱን አይቻለሁ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ክሩን ማስተካከል ጀመረ።

ጫማዬን አወለቅሁ። እኔ፣ ዓሣ አልነካም ያልኩት እኔ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ዋጠኝ፤ በጣቶቼ መሐል የወጣው የዝይ ኩስ ይሁን አፈር እግዜር ይወቀው። ዓሣውን ከጭንቅላቱ ሥር ያዝኩት። ልጋጉ፣ ያ የማውቀው ልጋግ፣ መዳፌን አለበሰው። ፓርኩ ውስጥ ካለው የእንጨት ጠረጴዛ ላይ አመጣሁትና አንድ ጊዜ ጭንቅላቱን መትቼ ገላገልኩት።

እጄ አልረሳም። ቅርፊቱን በቢላዋው ጀርባ ከጭራ ወደ ራስ ፋቅሁ፣ ሆዱን ከፈትኩ፣ ሐሞቱን ሳላፈርጥ አወጣሁ፣ ስንጥቡን ነቀልኩ። ከጉሮሮው ውስጥ የጎማ እግር ያላት ቢጫዋ ነፍሳት ወጣች፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ሁሉም ነገር ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ስዞር ልጁ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ምን እያደረግሽ ነው? ሰው እያየ ነው!"

ሰው ያለው አንዲት ውሻ የያዘች ፈረንጅ ናት። በመንገዷ ቆማ አየችን፤ ውሻው ምራቁን እያዝረበረበ ወደ እኔ ይጎትታታል። ሴትየዋ ምንም አላለችም። ልጁ ግን ፈጥኖ፣ በዚያ በሚያምር እንግሊዝኛው፣ "ሶሪ!" አላት። እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ፣ ትከሻውን ሰብስቦ፣ "ሶሪ አባውት ዚስ።"

ዓሣውን ያሠቃየው እሱ ነው። ይቅርታ የተጠየቀብኝ እኔ ነኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ አራቱንም መስኮት ከፈተ። ዓሣው በፌስታል ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ ነው። "መኪናዬ ሊሸት ነው" ከማለት በቀር ሊንደን እስክንገባ አልተናገረም።

አክስቴ ደጃፍ ቆማ ስትጠብቅ ነበር። ፌስታሉን ከፍታ አየች።

"አንድ ነው? በቃ?" ወዲያው ግን ፊቷ በራ። "ይሁን፣ አንድም ቢሆን ዓሣ ይዞ የሚያስገባ ወንድ ነው!"

"አክስቴ፣ እሱ አይደለም ያመጣው…"

"ታጥበሽ ነይ፣ ትሸቻለሽ።"

መጥበሻውን ጣደች። እኔ እጄን በሎሚ፣ በኦሞ ፋንታ በሳሙና፣ በብሊች ሳይቀር እያሸሁ ሁሉንም ነገርኳት፦ መልቀቁን፣ አባወራዎቹን፣ እንቁላሉን፣ ሶሪውን። አጥንቱን እየመጠጠች ሰማችኝ።

"ቢለቅስ ምን አለበት? ሩኅሩኅ ነው ማለት እኮ ነው። ሌላው ሚስቱን ይገላል፣ አንቺ ዓሣ ለቀቀ ብለሽ ትከስሺዋለሽ?"

ይህን እንዳለች ስልኳ ጮኸ። እናቱ ናት። ስፒከር ላይ አደረገችው፤ እልልታው ኪችኑን ሞላው።

"እንኳን ደስ ያለን! ልጄ ገና መግባቱ ነው፣ እማዬ፣ ልጅቷ በቢላዋ እንዲህ እንዲህ አደረገችው፣ ሆዱን አወጣችው እያለ ሊያስመልሰው ነው! እኔማ አምላኬን አመሰገንኩ። የእኛ አገር ሙያ የያዘች ልጅ ከየት ትገኛለች? ነገ ሽማግሌዎቹ ከቅዳሴ ቀጥታ ይመጣሉ፣ አለቀ!"

አክስቴ እንደ ሎተሪ አሸናፊ አየችኝ።

ማታ ስልኬ ጮኸ። ደጅ ወጥቼ ደረጃው ላይ ቆሜ አነሳሁት።

"እናቴ ነገ ይሄዳሉ እያለች ነው" አለ።

"አንተስ ምን ትላለህ?"

"አላውቅም። ስትቆርጪው… አሁንም ዓይኔ ላይ አለ።"

"ቀፈፍኩህ?"

"ትንሽ። ሶሪ።"

"እኔም አንተ ቀፈፍከኝ።"

ሳቀ፤ ሳቁ ያው ደህና ነው። እኔም ሳቅሁ። ከተዋወቅን እንደዚያች ደቂቃ ተግባብተን አናውቅም።

"እንግዲያው ለእናትህ ንገራት።"

"አንቺ ብትዪ አይሻልም? ሴት እምቢ ስትል ይቀላል።"

"ለማን ነው የሚቀለው?"

"ለሁሉም። እኔ እናቴን እምቢ ማለት አልችልም። ዝም ብዬ ብሄድ ነው የሚሻለኝ… ማለቴ፣ አንቺ እሺ ካልሽ እኔም እሺ ነኝ።"

ሠላሳ ሦስት ዓመት። የቀፈፈችውን ሴት እናቱን ፈርቶ ሊያገባ ነው። ልዘጋው ስል አንድ ነገር ጠየቅሁት።

"ለምንድን ነው ሶሪ ያልካት?"

"ማንን?"

"ሴትየዋን። ውሻ የያዘችውን።"

"የቷ ሴትዮ?" አለ። አስመስሎ አይደለም፤ ጭራሽ አያስታውሳትም።

እሁድ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ነጠላ ለብሰው፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ሳሎኑ መሐል ቆሙ። የአክስቴ ባል፣ ጋሼ፣ ትራክ ነጂ ናቸው፤ ከመንገድ የተመለሱት ለዚሁ ነበር፣ ሱፍ ለብሰዋል። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ ቆሞ ይጠይቃል፣ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም። ልጅቷ ደግሞ አትታይም። ቤዝመንት ሆኜ ከጣሪያዬ በላይ የእግራቸውን ኮሽታ እሰማለሁ። ትልቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል፤ ተቀመጡ ካላላችሁን አንቀመጥም" ሲሉ ሰማሁ፤ ጋሼም "እንግዲህ እንግዲህማ…" ብለው ለማለዘብ ጀመሩ። አክስቴ ለእልልታ ትንፋሿን እየሰበሰበች እንደሆነ በዓይኔ ያየሁ ያህል ታወቀኝ።

ወጣሁ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ፣ በነጠላ ጫማ፣ በሥራ ቲሸርቴ።

"አባቶቼ፣ አትቀመጡ" አልኩ።

አክስቴ በሁለት እጇ ራሷን ያዘች።

"አንቺ ልጅ፣ ውረጂ!"

"አትቀመጡ። እኔ እሺ አላልኩም። ልጁም እሺ አላለም፣ ፈርቶ ነው። አገር ምድሩ ስለሁለታችን ተስማምቷል፣ እኛ ብቻ ነን ያልተስማማነው።"

ትልቁ ሽማግሌ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ጢማቸውን አሹ።

"ልጄ፣ ምን በደለሽ?"

"ምንም አልበደለኝም። ይቀፈኛል።"

"ሰው ይቀፋል?"

"አዎ፣ አባባ። ይቀፋል።"

ከኋላ ያሉት ሁለቱ ተያዩ። አንደኛው ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ትልቁ ወደ ጋሼ ዞሩ፤ ጋሼ ምንጣፉን ያያሉ።

"እንግዲህ" አሉ ሽማግሌው፣ "ጠያቂ ካልተፈቀደለት አይቀመጥም፤ ወጉ ነው። ግን ልጄ፣ ጉልበቴ በሽተኛ ነው፣ ከቅዳሴ ጀምሮ ቆሜአለሁ። እምቢታውን ተቀምጬ ብሰማው ይከፋሻል?"

"ኧረ ይቀመጡ፣ አባባ።"

ተቀመጡ። ጋሼ "በሉ ሁላችሁም ተቀመጡ፣ ዶሮው ለጋብቻ ብቻ አልታረደም" አሉ፤ አክስቴ ባሏን እንደዚያ አፍጥጣ ስታያቸው አይቼ አላውቅም። በሉ። ጨው አንሶታል እንኳ አሉ። ስለ ቤት ዋጋ፣ ስለ ትራክ ፓርኪንግ አወሩ፤ እኔ ውሃ ቀዳሁላቸው። ሲወጡ ትልቁ ጫማቸውን እያሰሩ፣ "ሌላ ሰው አለሽ?" አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። የለም አልኳቸው። "ታዲያ ለምን?" አሉ። ልነግራቸው ፈለግሁ፤ ውሃውን፣ ትንንሾቹን፣ "የቷ ሴትዮ" የሚለውን። ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። እሳቸውም አልጠበቁኝም፤ ግንባሬን ስመው ወጡ።

አክስቴ ሳህኖቹን ብቻዋን አጠበች። ላግዝሽ ስላት ክርኗን ዘረጋችብኝ። ለእናቴ ዝዋይ ደውላ ምን እንዳለቻት አላውቅም፤ እናቴ ስትደውልልኝ ግን የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "በእርግጥ ይለቀዋል? ሳይበላው?" ብላ ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ አዎ ስላት "ምን ዓይነት ጉድ ነው!" ብላ ስልኩን ለጎረቤት ሰጠቻት።

ሳላገባ ከቤዝመንቱ ወጣሁ፤ አሁን ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ፣ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር፣ ሁለተኛ ፎቅ እኖራለሁ። በአውቶቡሱ መስመር ላይ ነው። ኪችኑ የቀድሞዎቹ ተከራዮች የጠበሱበትን አሮጌ ዘይት ይሸታል፤ ከግድግዳው ጥግ ጥቁር ቅባት በቢላዋ ፍቄ ሦስት ቀን አላለቀልኝም፣ ያጥወለውለኛል። አክስቴ ስልኬን አታነሳም። እሁድ እሁድ እደውላለሁ፤ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ከዚያ ጋሼ ያነሱና "አለች፣ እዚሁ አጠገቤ ናት፣ ደህና ናት" ይሉኛል።